ልጄ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተው፤ ትምህርት ቤቱ «ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አለኝ። ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች ምከሩኝ

ሽምብጧ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ ሦስተኛ ክፍል የሚማር ወንድ ልጅ አለኝ። ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ነው፤ በአጭሩ የነገርኩት ሰው ሁሉ «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ወይም «አሞላቀቅሽው» ብሎ ያልፈኛል።

ልጄ ትምህርት የማይገባው ሆኖ አይደለም። ማታ ወጥ እየሠራሁ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ ስጠይቀው ሳልጨርስ ይመልስልኛል። የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ ይወጣዋል። የፈተና ወረቀቱ ግን ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ከኋላ ያለውን ገጽ ከነጭራሹ አይገልጠውም። የመደመር ምልክቱን ሳያይ ይቀንሳል። እርሳስ፣ ላጲስ፣ የውኃ ኮዳ፣ ሹራብ፣ ምን ያልጠፋ አለ። ክፍል ውስጥ ይቁነጠነጣል፣ ይነሣል፣ መምህሯ ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱን ይጮኻል፤ ሰልፍ ላይ ተራ መጠበቅ ሞቱ ነው። ቤትም እንዲሁ ነው። «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ በሩን ዝጋ» ካልኩት አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ግቢ ውስጥ ሌላ ነገር ሲሠራ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ «ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የሚሆን ሌላ ቦታ ፈልጊለት» ተባልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ከአልጋ አይነሣም።

ሌላው የሚያስፈራኝ ሐይቁ ነው። ቤታችን ለጣና ቅርብ ነው፤ ልጆች ሲዋኙ ካየ እናቱንም፣ ልብሱንም፣ ሁሉንም ረስቶ ይገባል። አስፋልት ሲሻገርም ባጃጅ መጣ አልመጣ አያይም።

አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ «ኤዲኤችዲ ይሆናል፣ አስመርምሪው» አለችኝ። ይህ ነገር በእርግጥ በሽታ ነው? ባሕር ዳር የት ይታያል? ትምህርት ቤቱንስ ምን ብዬ ልለምን? አባቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሆነ አብዛኛውን የምወጣው ብቻዬን ነው።

የሁለት ልጆች አባት
እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ክፉ አስቤ አይደለም። እኛ ያደግነው በአርጩሜ ነው፤ መምህር ሲገባ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንቀመጠው። አሁን ልጁ ስልክ ላይ ይውላል፣ ይለፈልፋል፣ ማንም አይቆጣውም፤ ከዚያ በኋላ ስም ይወጣለታል። አባቱ ራቅ ያለ ልጅ የሚፈራው ሰው ያስፈልገዋል። አጎት ወይም አያት ጠበቅ አድርጎ ይያዘው። በሽታ ነው ብለሽ ከጀመርሽ እሱም «አሞኛል» ብሎ ይቀመጥልሻል።

የእማማ ልጅ ልጅ
እማማ ከጎኔ ተቀምጠው ሳነብላቸው ነበር፤ ያሉትን ልጻፈው። «የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። የኔ ሦስተኛው ልጅ እንዲሁ ነበር፤ ላም ጠብቅ ብለው ላሟን ትቶ ወንዝ ለወንዝ ነው። መታነው፣ አሰርነው፣ ምንም አልሆነ። ይብስ እልኸኛ ሆነ። አባቱም በልጅነቱ እንዲያው ነበር አሉ። ጠበል ውሰጅው፣ ጸልዪለት፤ ሐኪምም አሳዪው፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ደግሞ በሰው ፊት አታዋርዱት።» እንዲህ ብለዋል።

ሲስተር ከባሕር ዳር
እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ልጅሽን ሳላይ «ይህ ነው» ልልሽ አልችልም፤ ጽሑፍ አንብቦ የሚልሽ ሰው ካለም አትመኚው። ለሐኪም ቤቱም ለትምህርት ቤቱም የሚጠቅምሽን ግን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኤዲኤችዲ ትኩረት መሰብሰብንና ራስን መግታትን የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ልጅ ላይ መቁነጥነጡና ችኮላው ይጎላል፤ አንዳንዱ ላይ የሐሳብ መበተኑ ብቻ ይታያል፤ ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም አሉ። በዓለም ደረጃ ሲታይ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ላይ ይገኛል። በዘር የመውረድ ኃይሉ ትልቅ ነው፤ መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከ70 እስከ 80 በመቶ ያደርሱታል። እማማ «አባቱም እንዲያው ነበር» ያሉት ሐኪምም ቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ነው። እናት ስላሞላቀቀች አይመጣም። ስኳር ስለበላም አይመጣም፤ ይህ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ልጆቹም ወላጆቹም ስኳር ይሁን አይሁን ሳያውቁ ተሞክሮ ልዩነት አልተገኘበትም። ስልክም ብቻውን አያመጣውም፤ እንቅልፍ ሲያሳጣ ግን ያብሰዋል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት ለእናቶች ሁሌ የምነግረው ነው። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ሙሉ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በሌሎች ልጆች ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ኤዲኤችዲ ባላቸው ልጆች ግን አሥር ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። መዘግየቱ በጣም የጎላው ከግንባር ጀርባ፣ ራስን በመግታትና በማሰብ ሥራ ላይ ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማባዛት እያወቀ፣ ራሱን በመግታት ግን ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

የሁለት ልጆች አባት ያሉትን በአክብሮት ነው የምቃወመው። ይህ ልጅ የሚያቅተው የሚያውቀውን በሰዓቱ ማድረግ ነው። ዱላ ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያለፈው ደቂቃ ላይ ምንም አያደርግም። የሚረዳው ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ደቂቃ የሚደርስ ነገር ነው። «ሴሚስተሩን ካለፍክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» የሚለው ተስፋም በዚሁ ምክንያት ሰኞ ጠዋት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አይደርስለትም። ያኔ የሚደርስለት የመምህሯ እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ፣ ወይም አንዲት ምልክት ደብተሩ ላይ ስትደረግለት ነው።

ምርመራው እንዴት ነው ላልሽው፦ የደም ምርመራ ወይም የአንጎል ፎቶ ኤዲኤችዲን አይለይም። ባለሙያው የሚያየው ታሪኩን ነው። ከዘጠኝ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከዘጠኝ የመቁነጥነጥና የችኮላ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ፣ ለስድስት ወር የቆዩ፣ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የጀመሩ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሚታዩ፣ ልጁንም በእርግጥ የጎዱት መሆን አለባቸው። ለወላጅና ለመምህር የሚሰጥ መጠይቅ አለ፤ የመምህሯን ካልያዝሽ ሥራው ግማሽ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር አለመሆኑ ይታይ። ጆሮው ይሰማል? ዓይኑስ ሰሌዳውን ያያል? ማታ ያንኮራፋል፣ ቶንሲሉ ትልቅ ነው? የደም ማነስ አለው? ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስበት ጊዜ ካለ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ንገሪያቸው። ሐይቁ ውስጥ የሚገባ ልጅ ስለሆነ ደግሞ ሰገራው ይመርመር፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የታወቀ ነው፣ ልጅን ያደክማል፣ ደም ያሳንሳል። ሕክምናው ቀላል ነው።

ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። በሕፃናት ሐኪም በኩል ብትጀምሪ ጥሩ ነው። የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ያዢ፣ ያለ እሱ ወጪው በኪስሽ ነው።

የሁለት ልጆች አባት
ሲስተር፣ አመሰግናለሁ፣ ያስረዱት ይገባኛል። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ፈረንጆች በቅርብ ያወጡት ስም መሆኑ ነው። በእኛ ጊዜ አልነበረም። ነገ ሁሉም ልጅ ክኒን ይዋጥ ሊባል ነው?

መምህር ፔዳ ሰፈር
ወንድሜ፣ በእኛም ጊዜ ነበር። እነዚያ ልጆች አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ ቀርተው ነው ያላየናቸው። ለንደን ላይ ጆርጅ ስቲል የሚባል የሕፃናት ሐኪም ስለ እንደነዚህ ዓይነት ልጆች ለሐኪሞች ያስተማረው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው።

አሁን ወደ እናትየዋ ልመለስ። እህቴ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ፤ በየዓመቱ እንደ ልጅሽ ያሉ ሁለት ሦስት አያለሁ። መምህሯን እንደ ጠላት አትያት። ስልሳ ልጅ ይዞ አንዱ በየደቂቃው ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። «ሌላ ቦታ ፈልጊለት» የሚለው ቃል ግን ልጁ ፊት መባል አልነበረበትም።

ስትሄጂ ተጠርተሽ ሳይሆን ራስሽ ቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ። ከሆምሩም መምህሯና ከዩኒት መሪው ጋር ሦስታችሁ ሆናችሁ፣ ልጁ በሌለበት። አሥር ነገር አትጠይቂ። እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምጠይቀው።

መጀመሪያ መቀመጫው። የፊት ረድፍ፣ ከበርና ከመስኮት የራቀ፣ አጠገቡ የረጋ ልጅ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ግማሹን ችግር ያቀለለበት ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ እንዲንቀሳቀስ ፈቃድ ያለው ሥራ ይሰጠው። ጠመኔ ያምጣ፣ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ደብተር ሰብስቦ ቢሮ ያድርስ። ለመነሣት ምክንያት ስታገኚለት ያለ ምክንያት መነሣቱ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ እረፍት አይከልከል። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው፤ የክፍል ሥራ አልጨረስክም ተብሎ እረፍት የተከለከለ እንዲህ ያለ ልጅ ከሰዓቱ በኋላ ለማንም አይሆንም፤ ከሁሉም በላይ መሮጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ፈተናን በተመለከተ፦ መምህሯ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ብትሰጠው፣ ወይም አንዴ መጥታ «ገልብጠው» ብትለው ያ ባዶ ገጽ ይሞላል። ሒሳብ ላይ ከመሥራቱ በፊት ምልክቶቹን ሁሉ በእርሳስ እንዲከብ ቤት አለማምጂው። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ለሁሉም ልጆች አስደርጋለሁ፣ ስለዚህ ማንም አይለይም።

ትልቁ ነገር ደግሞ ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ነው። አሁን የስሞታ መጻፊያ ሆኖብሽ ይሆናል። ወደ ሌላ ሥራ አዙሩት። ሁለት ግብ ብቻ ጻፉበት፤ ለምሳሌ «እጅ አውጥቶ ተናገረ» እና «የጀመረውን ጨረሰ»። መምህሯ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምልክት ብቻ ታድርግ፣ ሐተታ አያስፈልግም፤ ጊዜ አይወስድባትም። መጀመሪያ ላይ ግቡ የሚደረስበት ይሁን፤ ከስድስት ክፍለ ጊዜ ሦስቱ ላይ ምልክት ካገኘ ማታ የሚወደውን ነገር ያግኝ፤ አንድ ተጨማሪ ተረት፣ ኳስ፣ እዚያው ሰፈር መንሸራሸር። ያው ዕለቱን መሆን አለበት፤ ለቅዳሜ ከቆየ ዋጋ የለውም። ያላገኘ ቀን አትቆጪው፣ አትቅጪውም፤ ነገ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስለ አርጩሜ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሰምተው አያውቁም። በክፋት አይደለም፤ ማንም አልነገራቸውም።

በከተማዋ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማሩ መምህራን ያሉባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ትምህርት ቤቱ የለኝም ካለሽ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በአቅራቢያሽ የት እንዳለ ጠይቂ። ልጅሽን ለማዛወር አይደለም፤ አንድ ሰው መጥቶ መምህሯን እንዲያማክር ነው።

አባይ ማዶ
እኔ አጭር ነው የምጽፈው። የኔ ልጅ አይሰማም፣ ትእዛዝ አይቀበልም፣ ክፍል ውስጥ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው ተብሎ ተቸግሬ ነበር። ሁላችንም ኤዲኤችዲ ነው ብለን ነበር። ለካ ሁለቱም ጆሮው በሕፃንነቱ መግል ይዞ ቆይቶ መስማቱ ቀንሷል። ታከመ፣ ከፊት ተቀመጠ፣ አሁን ደህና ይማራል። ሲስተር እንዳሉት ጆሮውን ቀድማችሁ አሳዩ።

ሰባታሚት ተከራይ
ሲስተር፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ በጸጥታው ችግር ከወረዳ ከተማ ወደ ባሕር ዳር የመጣን ነን። እዚያ ትምህርት ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከመምጣታችን በፊት ጎበዝ ነበረች። አሁን ክፍል ውስጥ ልቧ የለም፣ በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፣ ማታ አትተኛም። መምህሯ ይህንኑ ስም አነሣችልኝ። ኤዲኤችዲ በዚህ ምክንያት ይመጣል?

ሲስተር ከባሕር ዳር
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከጻፉት የምረዳው ሌላ መንገድ ነው። ኤዲኤችዲ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ጎበዝና የረጋች የነበረች ልጅ ላይ ከአንድ ክፉ ወቅት በኋላ በድንገት አይጀምርም። ድንጋጤው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምናልባትም ቅዠቱ፣ ያየችው ወይም የሰማችው ነገር ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። የአእምሮ ጤና ክፍል ይዘዋት ይሂዱ፣ አይዘግዩ። ለመምህሯም ስለ ሁኔታው በጥቂቱ ይንገሯት፤ በሩ አጠገብ እንዳታስቀምጣት፣ ከኋላዋ በድንገት እንዳይነኳት። ደግሞ ያመለጣት ትምህርት ራሱ አለ፤ የአንድ ዓመት ክፍተት ያለበት ልጅ ስለማይገባው ቢፈዝ አይፈረድበትም። እሱ በማካካሻ ትምህርት የሚታረም ነው።

ሰባታሚት ተከራይ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ እወስዳታለሁ።

ዝምተኛዋ
ስለ ሴት ልጆች የሚያነሣ ስላጣሁ ነው የምጽፈው። የኔ ልጅ አትረብሽም። አትነሣም፣ አትጮኽም። ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ መምህራኖቿ «ጨዋ ናት፣ ትንሽ ፈዘዝ ትላለች» ነው የሚሉኝ። ደብተሯ ላይ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆማል። አንድ ገጽ ለማጥናት ምሽቱን ሙሉ ተቀምጣ ስታለቅስ ትገኛለች። በመጨረሻ ሐኪም ያየልን ወንድሟ ስለታመመ ሆስፒታል በሄድንበት አጋጣሚ ነው። ትኩረት ላይ ብቻ ያለው ዓይነት ነው ተባልን። የሚረብሽ ልጅ ያላችሁ እናቶች ቢያንስ ይጠሯችኋል። የኛዎቹን ማንም አይጠራንም። ስድስተኛ ክፍል የክልል ፈተና አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ነው የሚታወቀው።

እኛን የረዳን ነገር ይህ ነው። ጥናቱን ቆራርጠን አሥር አሥር ደቂቃ አደረግነው፤ የወጥ ቤቱ ሰዓት ይሞላል፣ ሲጮኽ ተነሥታ ውኃ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ብቻ። እኔም እዚያው ሽንኩርት እየከተፍኩ እቀመጣለሁ፤ አላስተምራትም፣ አጠገቧ መሆኔ ብቻ ያረጋታል። ትእዛዝም አንድ በአንድ ነው፣ ዓይኗን እያየሁ።

ሽምብጧ እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማን እጅ ነስቻለሁ በሉልኝ። የጋሽ መምህርን ጽሑፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ሲስተር፣ አንድ የሚያስጨንቀኝ ቀርቷል፤ መድኃኒቱ። ሱስ ያስይዛል፣ ልጁን ያደነዝዛል የሚሉኝ በዝተዋል። የሐይቁን ነገርስ ምን ላድርግ?

የጀልባው ልጅ
እህቴ፣ ስለ ሐይቁ እኔ ልመልስ። ሥራዬ ጀልባ ነው፤ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል አመላልሳለሁ። ልጅነቴም እንደ ልጅሽ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ትምህርቱ ስላልገባኝ አይደለም፤ የሚቆጣኝን ሰው ፊት ማየት ስለመረረኝ ነው። አሁንም ያናድደኛል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከፊት አስቀምጦ ጠመኔ አምጣ ቢለኝ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

«ሐይቁ ጋ አትሂድ» ብሎ መከልከል ብቻ ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሠራም። ውኃውን ሲያይ ክልከላው ከጭንቅላቱ ይጠፋል። አንድ ሕግ ስጪው፦ «ያለ ትልቅ ሰው ውኃ አይነካም።» ከቤት ሲወጣ በሩ ላይ፣ ሁልጊዜ፣ እሱ ራሱ በአፉ ይድገመው። ዋና የሚችል ዘመድ ካላችሁ ዋና ያስተምረው፤ ሣርና ደንገል የበዛበት ዳርቻ ግን በሽታውን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ ስለሚበዛ ቢልሃርዝያው እዚያ ነው። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ጭራሽ እንዳይቀርብ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉ ለእኛም ያስቸግራል። ጀልባ ላይ ከወጣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ሳያስር መነሣት የለም፤ ነጂው ዝም ካለ አንቺ ጠይቂ።

ሲስተር ከባሕር ዳር
ወንድሜ፣ እንዲህ ግልጽ አድርጎ የነገራት የለም። እኔ የምጨምረው አስፋልቱን ነው፤ እነዚህ ልጆች በአደጋ የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎች ይበልጣል። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታልና ብቻውን ይሻገር ብላችሁ በዕድሜው አትመኑ። እጁን ያዢው።

ስለ መድኃኒቱ። በብዛት የሚታወቀው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ የተሠራው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አይደለም። አያደነዝዝም፤ ልጁ ደንዝዞ ከታየ መጠኑ በዝቷል ማለት ነውና ለሐኪሙ ይነገራል። የአጭር ጊዜው ክኒን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና አራት ሰዓት ያህል ይሠራል፣ የጠዋት ፈረቃን ይሸፍናል ማለት ነው። ከአሥር ልጆች ሰባት ያህሉ ላይ ጥሩ ለውጥ ያሳያል። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ከሆነ በኋላ ለሱስ እንደሚዳርግ ጥናቶች አላሳዩም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያርቅ ይችላል፣ አንዳንዴ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት ያመጣል፣ ቁመትና ክብደትንም በጥቂቱ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው ይመዘናል፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ከመጀመሩ በፊት ተናገሪ። ቁርሱን ክኒኑን ከመዋጡ በፊት ይብላ፣ ራቱን አጥግቢው። መጾም የጀመረ ልጅ ከሆነ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ከሌላ ልጅ የተረፈ ክኒን ግን በፍጹም። በየፋርማሲውም ሁልጊዜ አይገኝምና ሲታዘዝልሽ የት እንደሚገኝ እዚያው ጠይቂ።

ለሁሉም ልጅ መድኃኒት አይጀመርም። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት መጀመሪያ የሚመከረው ወላጅን ማሠልጠን ነው። ለልጅሽ ዕድሜ ሁለቱም ቢሆን ይሻላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ 579 ልጆችን ለ14 ወር የተከታተለ ጥናት ነበር። መቁነጥነጡንና የትኩረት ማነሱን በመቀነስ በጥንቃቄ የተመራው መድኃኒት በለጠ፤ የወላጅና የመምህር ሥራ የታከለላቸው ልጆች ደግሞ ባነሰ የመድኃኒት መጠን ተረዱ፣ ወላጆቻቸውም ይበልጥ ረኩ። መምህር ከላይ የጻፉት የደብተር ሥራ የዚያ ዓይነት ነው፤ ሐኪም እስኪያይሽ ድረስ አትጠብቂ፣ ነገ መጀመር ትችያለሽ።

የሁለት ልጆች አባት
ስለ ክኒኑ ልቤ አሁንም አልተቀበለውም፤ ለራሴ ልጅ ቢሆን ብዙ አስብበታለሁ። የደብተሩ ነገር ግን ተመችቶኛል። ትንሹ ልጄ የቤት ሥራ ላይ ያስቸግረኛል፣ በዚያው ዕለት የሚሰጥ ሽልማት የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ ልሞክረው ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ካስከፋሽ ይቅርታ።

ሽምብጧ እናት
ምንም አይደል ወንድሜ፣ አልከፋኝም።

ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ተመለስኩ፤ እንዲህ ሆነ። ከመምህሯና ከዩኒት መሪው ጋር ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ ዩኒት መሪው ስለ ዝውውር ማውራት ጀምሮ ነበር። እኔ «የሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ ሦስት ነገር እንሞክር» አልኩ። መቀመጫው ተቀየረ። እረፍት እንደማይከለከል ተስማሙ። ደብተሩን መምህሯ «በየክፍለ ጊዜው አልችልም፣ ከእረፍት በፊትና ከእረፍት በኋላ ላድርግ» አለች፤ እሺ ብያለሁ። ስለ ፈተና ወረቀቱ ግን ዩኒት መሪው ለአንድ ልጅ የተለየ ነገር አይደረግም አለ። የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዣለሁ፣ ሪፈሩንም ከጤና ጣቢያ አወጣሁ። ጋሽ መምህር፣ የፈተናውን ነገር ምን ላድርግ?

መምህር ፔዳ ሰፈር
ጎበዝ። ከእረፍት በፊትና በኋላ መሆኑ ይበቃል፣ ግቡን ዝቅ አድርጉት፤ ከሁለቱ አንዱን ካገኘ ያሸንፍ።

ስለ ፈተናው አሁን አትሟገቺ። ሐኪሙ ካየው በኋላ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ምን እንደሚያስፈልገው፣ ወረቀቱ ገጽ በገጽ ይሰጠው፣ ረጋ ያለ ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ መሀል ላይ አንዴ ይነሣ የሚል። ወረቀት ሲያይ ዩኒት መሪም ይለሳለሳል፣ እሱም ከላይ የሚጠይቀው አለና። እስከዚያው መምህሯን ብቻሽን አናግሪያት፤ ፈተና ላይ ስትዞር አጠገቡ ስትደርስ ወረቀቱን ገልብጣ ብታልፍ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ቤት ደግሞ ሁለት ገጽ ያለው መልመጃ ጻፊለትና ከፊት ለፊቱ ገጽ ግርጌ ትልቅ ቀስት ሥዪ። ፈተና ላይም ወረቀቱ እንደተሰጠው ያንን ቀስት ራሱ ይሣል፤ ስሙን ከመጻፉ በፊት።

የመምህሯን መጠይቅ ለሐኪሙ ይዘሽ መሄድ አትርሺ። አርብ ሳይሆን ረቡዕ ስጪያት፤ አርብ ከሆነ ማርክ ስትደምር ነው የምታገኛት።